የሮዝታውን በር

ጥር ነበረ። ሌስተር ኮዋልቹክ ከስንዴ ጎተራው ሲመጣ፣
ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል፤ እሱ ግን ላብ በላብ፣ ፊቱ የነጣ።
የልቡን መስመር ማንበቡ ስምንት ደቂቃ አልፈጀ፤
ከዚያ ወዲያ ነው ሌሊቱ፣ ስልክ ላይ ቆሞ ያረጀ።

«ሳስካቱን፣ አልጋ አለ ወይ?» «ሐኪሙን ላገናኝዎ።»
«ቆይ።» «መስመሩን አይዝጉት።» «ስሙን ይድገሙልኝ፣ እባክዎ።»
ሄሊኮፕተር ይመጣል ተብሎ፣ ጉም የዋጠውን ሰማይ፣
«ከመሮጥ ማንጋጠጥ» እንዲሉ፣ አንጋጠን ስናይ፣ ስናይ፣
ደጅ የቆመው አምቡላንስ ለሌላ ጥሪ በረረ።
ዘጠና ሰባት ደቂቃ!
መንገዱ ግን ክፍት ነበረ።
ሌስተር አልሞተም፤
የልቡን ሲሶ ለበራችን ገበረ።

አሁን ቃሬዛው ከመኪናው አይርቅም፣ ሞተሩም አይጠፋ፤
ስልኩ አንድ ነው፤ ሰው ይቅደም፣ ወረቀት ከኋላ ይልፋ።
ትናንት አንዲት አስተማሪ በሃያ ዘጠኝ ደቂቃ ወጣች፤
ማርሊስ ሰዓቱን ጽፋ፣ እስክሪብቶውን እንደያዘች ቀረች።
እኔ የቀዘቀዘ ሾርባዬን ጨረስኩ።

ጠዋት ሌስተር ክኒኑን ሊወስድ፣ ደረጃው ላይ ትንፋሽ ሲሰበስብ፣
ነገርኩት። ሳቀ።
«በኔ ሲሶ» አለ፣ «እናንተ ገዛችሁ ልብ።»