ቀጭኗ ሽቦ

ቲሚንስ ላይ በጥር፣ ከዜሮ በታች ሠላሳ ስምንት፣
ዘይት እንደ ማር ረግቶ፣ ባትሪ ሲያቃስት፣
ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት ተረኛ ነርስ ስትወጣ ከቤት፣
መኪናዋ ሬሳ ናት፤ የልብ ምት የላት።

ነርሷ እኔ ነኝ፣ ሚሬይ። አባቴ ሬዣን ይባላል፤
አርባ ዓመት ከወርቅ ጉድጓድ ሥር ሽቦ ዘርግቷል።
ጡረታ ወጣ ቢሉም፣ እጁ መች እሺ ይላል?
ፍቺዬን ጨርሼ፣ ሁለት ሻንጣ ይዤ ከተመለስኩ ወዲህ
ያልጠየቅሁትን ሁሉ ይጠግናል፦
የመሳቢያዬን ማጠፊያ፣ የቦት ጫማዬን ዚፕ፣
ለጠበቃዬ የጻፍኩትን ደብዳቤ ሳይቀር
ከፍቶ አንብቦ፣ ፊደል አርሞ መልሶ አሽጓል።

ቅዳሜ ዕለት አንድ ሣጥን በግማሽ ዋጋ ይዞ መጣ፤
«ሞተር ከመስኮት ታስነሺያለሽ» አለኝ፣ «ጣትሽ በብርድ ሳይቀጣ!»
«ተወው፣ አባባ» አልኩት። «እሺ» አለ፤
እሺታው ከአፉ እንጂ ከሆዱ አልወጣ።

ሌሊቱን ጋራዥ ውስጥ፣ ከመሪው ሥር በጀርባው ተንጋሎ፣
የእጅ ባትሪ በጥርሱ ነክሶ፣ ክሩስኮቶውን ዘርግፎ ጥሎ፣
ቀዩን ከቀይ፣ ቢጫውን ከቢጫ ለይቶ ቀጥሎ፣
በስታኞ በይዶ፣ በናስትሮ ጠቅልሎ
አደረ፤ ደም ሥር የሚሰፋ ሐኪም መስሎ።

ሊነጋ ሲል ከኩሽናው መስኮት ሪሞቱን ተጫነ።
ሞተሯ አንዴ አጓራች።
«ይኸው!» አለ። ይኸው ሳይጨርስ
ክላክሷ ኡኡ! መብራቷ ቦግ እልም!
ወይዘሮ ኮቫልቹክ በሌሊት ልብሷ፣ በሟች ባሏ ቦት ጫማ
አካፋ ይዛ ወጣች፤
አባቴ ሪሞቱን ይደበድባል፣ መኪናዋ ትጮኻለች፣
ሞተሯ ጠፍቶም ትጮኻለች፣
«ሌባ! ሌባ! የማላውቀው እጅ!» እያለች።
እኔም ጮህኩ። በመኪናው ጀምሬ በደብዳቤው ጨረስኩ፤
«በሬ ቁልፍ አለው! እኔ ምን ዕቃህ ነኝ?» ብዬ አለቀስኩ።

ሁለታችንም ዝም ስንል፣ በረዶው ላይ ቆሞ ራሱን አከከና
«እውነቷን ነው» አለ፤ «ጥፋቱ የኔ እንጂ የሷ አይደለምና።
ፋብሪካው ዘበኛ አቁሞባታል፤ የሚያምነው በቁልፍ የገባን ብቻ፤
እኔ አጥር ዘልዬ፣ ሆዷን ጎርጉሬ ሞተር ሳንጫጫ
ምን እንዲለኝ ነው? እንደምን አደርክ?»

ከዚያ አንዲት ሽቦ ፍለጋ ገባ፤ ከሹፌሩ በር የምትመጣ፣
ቀጭን፣ አረንጓዴ፣ ጎኗ ላይ ነጭ መስመር የወጣ፤
በሩ በቁልፍ ሲከፈት፣ ለዘበኛው ጆሮ ላፍታ
«ቤቶች! የቤት ሰው ነኝ» የምትል፣ አንዲት ሹክታ።
ሦስት ቀን ፈለጋት፤ በሞካሪ መብራት እየነካካ፣
ጽዋውን፣ መንበሩን እየጠራ፣ ሳያፍር ሳይለካ፤
(የኛ ሀገር ፈረንሳይኛ ሲሳደብ የሚበደረው ከመቅደስ ነው።)

ረቡዕ ማታ አገኛት። ጣቱ ደምቶ፣ የአተር ሾርባ እየጠጣ
«ነገሩ ቅደም ተከተል ነው» አለኝ፤ «መጀመሪያ ሰላምታ፣
ቀጥሎ ሞተር። እኔ ሰላምታውን ነው የዘለልኩት።»
ማንኪያውን አስቀመጠ። ሾርባውን ረጅም ጊዜ አየው።
እኔም ስለ ሽቦ ብቻ እንደሚያወራ ሆኜ ሰማሁት።

ሐሙስ፣ አሥራ አንድ ሰዓት ሳይሞላ፣ ደረጃው ሲጥ ሲጥ አለ፤
ዕድሜውን በር በትከሻው ገፍቶ የሚገባ ሰው ደጄ ላይ ዋለለ።
በጥፍሩ፣ ሁለቴ፣ ለስለስ አድርጎ እንጨቱን መታ።
«ሚሬይ፣ ላስነሳት?»
ጥቂት አስጠበቅሁት፤ ያባቴ ልጅ ነኝ፣ ቶሎ አልረታ።
«አስነሳት።»

ውጭ፣ በጨለማው፣ መብራቷ አንዴ ብልጭ አለ፤ ሞተሯ ተነሣ፤
የወይዘሮ ኮቫልቹክ አካፋ ከግድግዳው እንደተደገፈ ቆየ፣
በረዶ ለብሶ፣ ሳይነሣ።