ፀሐይ ስትጠልቅ ዝም በሉ

ሃርዊክ በምትባል የነብራስካ ከተማ፣ ከእህል መጋዘን ሰገነት፣ ግድግዳው በእንቁላል ካርቶን ተሸፍኖ፣
ኦርቪል ቲያደን ጀመረው፤ ጠጋኝም ተናጋሪም ሆኖ።
ፈቃዱን ሲሰጡት ግን እንዲህ የሚል ቃል ነበረው፦
"ፀሐይ ስትጠልቅ ዝም በሉ፤ ሌሊቱ የትልልቆቹ ነው።"
ማታ ማታ ሞገድ ሽቅብ ወጥቶ ሰማይ ይነካል፣
ተንጸባርቆ ሲመለስ የሩቅ ከተማ ጆሮ ያውካል።
እናም በሐምሌ ወሬያችን ረዘመ፣ በታኅሣሥ አጠረ፤
የከተማችን ምላስ በፀሐይ ገመድ ታሰረ።

በአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ገባሁ። የቀብር ሰዓት፣ የጠፋ ውሻ፣ የአሳማ ዋጋ፣
ሁሉን በአንድ ድምፅ አነበብኩ፣ ሳልስቅ፣ ሳልሰጋ።
አንድ ጠዋት ብቻ ቃል አነቀኝ፤ የአባቴ ስም ነበር ወረቀቱ ላይ፤
አነበብኩት። ከሥሩ የበቆሎ ዋጋ ነበር፤ እሱንም አነበብኩ፣ ቀና ሳልል፣ ሰው ሳላይ።

ምሰሶው ከከተማ ውጪ፤ መዳቡ እንደ ዛፍ ሥር በግጦሹ ተቀብሮ፣
የክላውሰን ዝገታም አጥር ያወራ ነበር፣ የኔን ድምፅ ተበድሮ።

የዚያን ጥር በረዶው ሲያጥወለውል የተማሪዎቹ አውቶቡስ መንገድ ቀረ፤
ፀሐይ ጠለቀች። ኦርቪል የግድግዳውን ሰዓት ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ።
ሌሊቱን ሙሉ የልጆች ስም ጠራን፣ አንድ በአንድ፣ ከነተጠጉበት ቤት፦
"ዴልማር ሽሮደሮች ዘንድ ነው፤ ትንሿ ኢርማ ከፓስተሩ ምድር ቤት።"
በየኩሽናው የእናት ጆሮ ስም ይለቅማል፣ ዶሮ ጥሬ እንደምትለቅም።

ከወር በኋላ ከዋና ከተማ የተግሣጽ ደብዳቤ መጣ፤
ኦርቪል በመስታወት አስገብቶ ከፈቃዱ ጎን ሰቀለው፣ ሳይቆጣ።

ከሱ ወዲያ ልጁ፣ ከልጁ ወዲያ ማሽን፤ ከሳተላይት የሚወርድ ሳቅ፣
ለዛው የሚያምር፣ ያንዳችንን ስም የማያውቅ።
ዐውሎ ነፋስ የደቡቡን ሰፈር ጣሪያ ሲገነጥል፣
የፀሐይ መነጽር ቅናሽ ያስተዋውቅ ነበር፣ አንዲት ቃል ሳይጥል።

አምና ምሰሶውን ጣሉት። መዳቡን ሌቦች ቆፍረው ወሰዱ፤
ላሞቹ ላፍታ ቀና አሉና ወደ ሣራቸው ሄዱ።

እኔ ግን የኩሽናዬን ራዲዮ እዚያው ቁጥር ላይ ትቼዋለሁ፤
ቀን ቀን እንደ ትኩስ ዘይት ሽሽ ይላል፤ ልብስ ስተኩስ እሰማዋለሁ።
ማታ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ፣ ያ የሩቅ ከተማ ሰው በሰማይ ዞሮ ይመጣል፣
ሌሊቱን የለቀቅንለት፤ ስለ መኪና መጨናነቅ ያወራል፣ ውኃ ይጠጣል፣
ጉንፋን ሳይዘው አይቀርም።
ሲያስነጥሰው፣ ባይሰማኝም፣
"ይማርህ" እለዋለሁ።