እንየው

ሐምሌ ነው፣ ዶፍ ነው፤ ቁልፌ ጠፋብኝ።
አምስት ናቸው ባንድ ቀለበት፣
አንዱ የስፌት ሱቄ፣ ሌላው የቤት፤
ሦስቱ የምን እንደሆኑ ረሳሁ፣
በር የሌለው ቁልፍ መጣል ግን ፈራሁ።

ከነሱ ጋር የምትንጠለጠል ነጭ ክብ ነገር አለች፣
የካፖርት ቁልፍ የምታክል፣ ቁልፍ ጠባቂ።
ያሰረልኝ ወንድሜ ነው፣ ስልክ ሠሪው፣
«አንተ ራስህን የምትጥል ሰው ነህ፣ ይቺን ያዝ» ብሎ፣
ሳንጣላ በፊት፣
የአዘዞው የእናታችን ቤት ሳይሆን ሙግት።

ሦስት ክረምት።
እሱ ፒያሳ፣ እኔ ማራኪ፤
ለቅሶ ቤት እንኳ ብንገጣጠም
ድንኳኑን ለሁለት ከፍለን ነው የምንቀመጥ።

ስልኬን አወጣሁ። «እስቲ እንየው» አልኩ ለራሴ፤
ከስንት ጊዜ በኋላ ስሙ ካፌ ወጣ፣ ሳላስበው።
ካርታው መጣ ተንቀራፍፎ፣
ዝናብ እንደመታው ዶሮ ክንፉን አጥፎ፦
«መጨረሻ የታየው ትናንት፣ ዘጠኝ ሰዓት፣ ፒያሳ።»

ማን አየው?
ዘዴው እንዲህ ነው አሉ፦ ባጠገቧ ያለፈ ሁሉ
ሳያውቅ፣ ሳይጠየቅ፣
የኪሱ ስልክ «እዚህ ናት» ብሎ ሹክ ይላል።
ጎመን የተሸከመች ሴት፣ ፈተና የረፈደበት ተማሪ፣
ሚኒባስ ላይ የተንጠለጠለ ረዳት፣
ለማያውቁት ሰው ቁልፍ ምስክር ቆሙ።
እኛ የእናት ልጆች
በሽማግሌ ፊት ስንት ቀን ምስክር ቆጠርን!

በግንቡ አጥር ሥር ወረድኩ፣ ጃንጥላዬ ተገልብጦ፣
ዓይኔ ከነጥቧ ላይ፣ እግሬ ከኩሬ ውስጥ።
ነጥቧ የቆመችው እሱ ሱቅ ደጃፍ ነው።

አንድ ባለባጃጅ ከወንበሩ ሥር አግኝቶ
«ያንተ ሥራ ይመስላል» ብሎ ሰጥቶታል።
እንየው ከመብራቱ ሥር ቀና አለ፣
የሰው ስልክ ሆድ ከፍቶ፣ ጥፍር የምታክል ብሎን ይዞ።
«ጠፋህ» አለኝ።
ጠፋህ በኛ አገር ሰላምታም ነው፣ ወቀሳም ነው።
«አለሁ» ልል አፌን ስከፍት
አውራ ጣቴ ስልኩን ነክቶ ኖሯል፣
ጠረጴዛው ላይ ያለችው ቀድማኝ ጢጥ አለች።

«ባትሪዋ ሞቶ ነበር፣ ቀየርኩት። ሠላሳ ብር።»
ሃምሳ ሰጠሁት።
መሳቢያውን ከፈተ፣ ዘጋ፣ ደግሞ ከፈተ፤
«መልስ የለኝም» አለ፣ ፊቴን ሳያይ።
«ግድ የለም» አልኩት፣ እኔም ዝናቡን እያየሁ፣
«ነገ እመጣለሁ።»