የማይቸኩል ነዳጅ

ከመጅደል ሻምስ በላይ፣ አስፋልቱ ሲያበቃ፣
አንድ ጋራዥ አለ፣ በረዶ ሲጥል ብቻ ከእንቅልፉ የሚነቃ።
በጋውን የፖም ሣጥን ማከማቻ፣
ከጥር ወዲህ ግን ዘይትና ብሎን፣ ጓንትና መፍቻ።

የበረዶ ሞተር ነው ሥራችን፤ ከፊቱ ሁለት ስኪ፣ ከኋላው የጎማ ሰንሰለት፤
ጃድዓን ይነዳዋል፣ ሄርሞን ላይ ሰው ሲጠፋ፣ በጭጋግ ሰዓት።
እኔ ደግሞ ሆዱን እከፍትለታለሁ፣
እንደ ሐኪም ጆሮዬን ደረቱ ላይ ጥዬ ሳሉን እሰማለሁ።

አምና ቱርቦ ገጠምንለት።
ላይ ላይ፣ አየሩ ሲሳሳ ጉልበቱ እየከዳው፣ እኛም አዝነንለት፣
በገዛ ጢሱ የሚሽከረከር ሌላ ሳንባ ጨመርንለት።
ሮጠ።
ሁለት ቀን እንደ ጉድ ሮጠ።
በሦስተኛው ግን ድምፁ ተለወጠ፤
ኳ። ኳ። ኳ።
«ማነው?» አልኩት፣ ለቀልድ።
ጃድዓን አልሳቀም። የቀለጠ ፒስተን በእጁ ይዞ ያውቃል፤
«ሲያንኳኳ ያልሰሙት ሞተር» አለ፣ «ግድግዳ ሰብሮ ይወጣል።»

ነገሩ እንዲህ ነው፤ የማደያ ቤንዚን ችኩል ነው፤
ቱርቦው ሲያፍነው፣ ሲጨምቀው፣ ሲያሞቀው፣
ብልጭታው ሳይመጣ፣ ተራው ሳይደርሰው
ቀድሞ ይነዳል፤ ቤቱን ይዞ ነው የሚጠፋው።
ኦክቴን የሚሉት ቁጥር ጉልበት መስሎኝ ነበር፤
አይደለም። የመቻል ልክ ነው፤ ስንት ታፍኖ፣ ስንት ተረግጦ፣ ሳይነድ ማደር።

ይኼን ነገር አውቀዋለሁ፤ ሰምቼዋለሁ በሌላ ስሙ፤
«ሳቭላኑት» ይሉታል፤ በመስኮት ያዙልሃል፣ አንድ ቀን እንኳ ሳይታመሙ።
እናቴ አሥራ አንድ ዓመት ፎርም ይዛ ተመላለሰች፣
እህቷ ጎንደር ቀርታ፤ ጸሐፊዋ ጥፍሯን እየሞረደች፣
ቀና ሳትል «ሳቭላኑት፣ ጌቬሬት» እያለች።
እናቴ በኦክቴን ብትለካ መቶ አሥር ነበረች፤
አሥራ አንድ ዓመት ታምቃ፣ አንዴ እንኳ ሳታንኳኳ ቀረች።

ወደ ሞተሩ ልመለስ።
ከሮሽ ፒና አየር ማረፊያ የአውሮፕላን ቤንዚን አመጣን፤ እርሳስ ያለበት፣ ዋጋው ኪስ የሚልስ።
ቀጥሎ አልኮል ገዛን፣ ንጹሕ፣ በበርሜል፣ ከሃይፋ፤
«አረቄ እያለልን» አለ ጃድዓን አሽትቶ፣ «በቤንዚን ማን ለፋ?»
ማንኳኳቱ ቆመ። ግን ከቤንዚኑ ሲሶ ያህል አብልጦ ይጠጣል፤
መርጫውን አሰፋሁ። ታጋሽ ነገር፣ ለካ፣ ብዙ ያስከፍላል።

አንድ ሌሊት ስልክ ጮኸ። ሁለት ልጆች ጠፍተዋል፣ ከላይኛው ማማ ባሻገር፤
ከዜሮ በታች አሥራ አንድ፣ ነፋሱ በር የሚገነጥል፣ ዓይን የሚያሳውር።
ቁልፉን አዞርኩ። ዝም።
ደገምኩ። ዝም።
ያ ሁሉ መቻል፣ ያ ሁሉ ጨዋነት፣ ብርድ ሲነካው አይነሣም፤
ቢያፍኑት አይፈነዳም፣ ቢጭሩበትም አይሰማም።

የነደድኩት እኔ ነኝ።
ያን የናቅነውን ችኩል ቤንዚን፣ ጥግ የጣልነውን ጄሪካን አነሣሁ፤
ከመቶው አሥራ አምስት እጅ፣ በግምት፣ በጨለማ፣ ቀዳሁ፤
ግማሹ ጓንቴ ላይ ፈሰሰ፣ እጄ እየተንቀጠቀጠ፤
ገመዱን ሳብኩ፤ አስነጠሰ፤ ሳብኩ፤ አገሳ፤ ቆርቆሮው ተናወጠ።
ጃድዓን ጭጋጉ ውስጥ ገባ። ቀይ መብራቱ ትንሽ ታየና ሟሟ፤
እኔ በር ላይ ቆሜ፣ ከነፋሱ መሃል ሞተሩን ስሰማ፣
ኳ የሚል የለም፣ እስከ ላይኛው ማማ።

ልጆቹን ሊነጋ ሲል አመጣቸው፤ አንደኛው ጫማ የለውም።
«ምን ጨመርክበት?» አለኝ ጃድዓን። አልነገርኩትም።

በአሥራ ሁለተኛው ዓመት፣ አንድ ማክሰኞ፣ እናቴ ከወረፋው ወጣች፤
ፎርሙን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች፤
የመስኮቱን መስታወት በመዳፏ መታች፤
ኳ።
ጸሐፊዋ ሞረዱን አስቀምጣ፣
ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ቀና ብላ አየቻት።