ዘጊው

የጨው ቤት ቆጣሪ ነኝ፤ ካህን አይደለሁም፤
የበርሜል ቁጥር እንጂ የሰማይ አላውቅም።
ግን ይህ ቤት ከዱሮ፣ ዓሣ ሳይሞላበት፣
የአምላክ ቤት ነበረ፣ የጥቁሩ አምላክ ቤት።
በሰሜኑ ግድግዳ፣ ከበርሜሎች ጀርባ፣
አንድ ድንጋይ አለ፣ የተቦረቦረ፣ ጣት የሚያስገባ፤
ስሙ እዚያ ነበረ።
ዛሬ ጨው ሰፈረበት፣ ነጭ ሆኖ ቀረ።

አክስቴ ኢልቫና፣ መረቧን ዘርግታ፣
እንዲህ ትለኝ ነበር፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ በሩን ተመልክታ፦

«ያኔ በመጀመሪያ ሁሉ ክፍት ነበር፤
ለባሕር ዳር የለው፣ ለቀን ማታ የለው፣ ለነገር ድንበር።
ዓይን ክዳን ሳይኖረው አፍጥጦ ይኖራል፤
የተጀመረ ለቅሶ ዘላለም ይለቀሳል።
እሱ መጣ ኋላ።
ከየት እንደሆነ የሚያውቅ የለም፤ ብቻ መጣ፣ እንደ ጥላ።
ባሕሩን በአሸዋ፣ ቀኑን በምሽት፣
ዓይኑን በሽፋሽፍት፣ ቁስሉን በቅርፊት፣
ዘጋ፤ ዘጋ፤ ዘጋ።
ሌሊት መዳፉ ነው፣ ዓለም ላይ ሲዘረጋ።
ደግሞ በመጨረሻ የሰውን እስትንፋስ
በአውራ ጣቱ ጫፍ፣ ቀስ ብሎ፣ ዳሰስ።

ከዚያ የሳል ዓመት፤ በአንድ ሳምንት ውስጥ
አርባ የኦርዛል ሕፃን ዓይኑ ተከደነ፣ ሳይፈራገጥ።
እናቶች ወጡና ወደቡ ላይ ቆሙ፤
‹ስም አይጠሬ ይሁን፤ ይፋቅ› አሉ፣ ‹ስሙ!›
ሁልዳን ድንጋይ ጠራቢው፣ ልጁን የቀበረ፣
መሮውን አነሣ፤ ሲፍቅ፣ ሲፍቅ አደረ።
ከመቃብር በላይ የሚውል ስም ነው ይላል ሰው፤
የእሱን ስም ቀበሩት፤ ከላይ የዋለው ጨው ነው።
ዘጊውን ዘጉት።
ዓመት ሳይሞላውም ጨርሰው ረሱት።»

መጀመሪያ ላይ ማንም ልብ አላለም።
የጋጋሪው ጣት ተቆረጠ፤ አልገጠመም።
ሁለት ወንድማማች በመቅዘፊያ ተጣሉ፤
ልጆቻቸው ደርሰው፣ እነሱም አርጅተው፣ ገና ይካሰሳሉ።
ፀሐይ ትጠልቃለች፤ ሌሊቱ ግን አይጨልም፤
ያረረ ወተት መስሎ ያድራል ሰማዩ፣ ዓይን አይከደንም።
ሞትም ቀረ። ደግ ነገር መሰላቸው፣
ሽማግሌዎቹ ማቃሰት እስኪያቅታቸው።

ቴሱሪ ገመድ ገማጇ፣ አባቷ ብራንጎል፣
ዓሣ ነባሪ አዳኙ፣ ሦስተኛ ክረምቱ ነው አልጋ ላይ ሲውል።
አቧራ ዓይኑ ላይ ያርፋል፤
«ዝጊልኝ» ይላታል።
ሄዳ በሩን ትዘጋለች።
«ዝጊልኝ» ይላታል፤ መስኮቱን ትዘጋለች።
«ዝጊልኝ።»
ያኔ ገባት። ካባ ደርባ ወደ ጨው ቤት ወጣች።

ማንበብ አትችልም፤ የሚነበብም የለ፤
ጣቷን ሰደደችው ወደ ቡርቡሩ፣ ጨው እያቃጠለ።
ከበርሜሎች ጀርባ የረጠበ ልብስ ሸተተ፤
አንድ ነገር ተነሣ፣ ቆመ፣ አመነታ፣ ተጎተተ።
«ማን ልበል?» አለችው።
«እኔም አላውቀው።»

እጇን ከፍታ ጨብጣ ሥራውን አሳየችው፤
በእጅጌው ይዛ፣ እንደ ዕውር፣ ቤቷ ድረስ መራችው።
አልጋው ዘንድ ሲደርስ ጣቱ ተንቀጠቀጠ፤
ሙያው ጠፍቶት እንደ ልጅ አፈጠጠ።
አውራ ጣቱን ይዛ አባቷ ዓይን ላይ አኖረች፤
አብራው ዘጋች።

ጨለመ።
ጨለማ የማያውቁ ልጆች ጮኹ፤ ውሾች ተኙ፤
ጋጋሪው ጣቱን ሲያከው አደረ፣ ሊገጥምለት ነውና ቁስሉ።

አላመሰገነችውም።
ከአርባዎቹ አንዱ ታናሽ ወንድሟ ነበር፣ ኦሚን የሚሉት።
ያንን ስም እየጠራች እስኪነጋ ሰደበችው፤
እሱም ቆሞ ሰማ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ እስከ መጨረሻው።
በሩን ግን አልዘጋችበትም።

እኔም ማታ ማታ፣ ቆጠራዬ ሲያልቅ፣ ቁልፌን አወጣና
«ማን ልበል?» እላለሁ፣ ወደ በርሜሎቹ ዞር እልና።
መልስ የለም።
ደጁ ግን፣ እጄ ሳይደርስ፣
ቀስ ብሎ ይገጥማል።