ስድስት ፍሬ

አስፋልት ያለቀበት፣ ኮዬ ፈጬ ማዶ፣
መድኃኒት ቤቴ አለ ከጭቃው ተላምዶ።
ግንበኛ ነው ዲንሳ፤ መጣ ሳንባው ነዶ።
«ሃያ አንድ ነው» አልኩት፣ «ትውጣለህ ሁሉን።»
ቆጠረ ደጋግሞ የቀን ሥራ ብሩን።
«ስድስት ፍሬ ስጪኝ፣ የቀረው ይቆየኝ።»
መቀሴን አነሣሁ። ማን ነበር የሚያየኝ?
ቆረጥኩለት።

ሳላውቅ አይደለም፤ ኮሌጅ ተምሬያለሁ፤
ጀርምም ግንበኛ ነው፣ ይኸን አውቀዋለሁ።
ሲራባ፣ ሲከፈል፣ ግድግዳ ይሠራል፤
እንክብሉ ገብቶ ሲሚንቶ ይሰውራል፤
ድንጋይ ከድንጋዩ ሳይያያዝ ይቀራል፣
ውሃ ሰርጎ ገብቶ ቤቱ ይፈነዳል።
አፍራሽ ግን ቀን ይሻል። ከመንገድ ከቀረ
የሚተርፈው ማን ነው? ከሁሉ የጠነከረ።

በሦስተኛው ቀን ዲንሳ፣ መወጣጫው ላይ ቆሞ፣
«ዳንኩልሽ!» ይለኛል፣ ሲሚንቶ ተሸክሞ።
አራቱን ነው የዋጠ፤ ሁለቱን ከመስኮት
አኑሯል ለክፉ ቀን፣ በፌስታል ጠቅልሎት።
ደረቱ ውስጥ ግና የተረፈው አንዱ
መቀስ ነበረውና፣ ተከፈተ መንገዱ፤
ያንኑ ተዋዋሰ ከጎረቤት ዘመዱ።
እንደ ጨረቃ ቤት፣ ሌሊቱ ሳይነጋ፣
አሥር ሆኖ፣ ሺህ ሆኖ፣ ሰፈሩ ተዘረጋ።

በግንቦት መጣ ዲንሳ፣ ሲፈንን ታቅፎ፤
ሁለቱን ፍሬ ሰጥቷት፣ ሦስት ሌሊት አሳልፎ።
«ያኔ ያዳነኝን፣ ያንኑ ስጪኝ» አለ።
አሁን ብሩ ሙሉ ነው፤ መድኃኒቱ ጎደለ።
ጤና ጣቢያ ላክሁት፤ ወረቀት ይዞ ዞረ፤
መደርደሪያዬ ላይ ያ መርፌ አልነበረ።

ዛሬ ሌላ ሰው ከደጅ፣ «አራት ፍሬ» አለኝ።
እጄ ወደ ምስማሩ፣ ወደ መቀሱ፣
ሄዳ ቀረችብኝ።