ባቡር

ፉሪ-ለቡ ጣቢያ፣ ከከተማው ጫፍ ላይ፣
ካርቶን ይዤ ቆሜያለሁ፣ አኩርፏል ሰማይ፤
«ሮብሌ» ብዬ ጽፌበት በወፍራም እስክሪብቶ።
ባቡሩ ዘግይቷል፣ አዋሽ ላይ ግመል ገጭቶ
(ዘበኛው ነው ያለኝ፤ ዘበኛ ወሬ አያጣም)።

ቪትዟ የእኔ አይደለች፤ ባለቤቷ ዱባይ።
በቀን ይህን ያህል፣ ነዳጅ በተከራይ፣
ጭረት ከተገኘ በሹፌሩ፣ ማለትም በእኔ ላይ፤
ውሉ እንዲህ ይላል፣ ከማኅተሙ በላይ።

ወጣ። ሰባ የደፈነ፣ ረጅም፣ ቀጭን ሰው፣
ኮት ደርቧል በኮት ላይ፣ ብርዳችንን ፈርቶት ነው፤
ጢሙ በሂና ቀልቶ፣ ሌሊቱን እንቅልፍ አጥቶ፣
ከዘራውን እንደ ሕፃን በብብቱ ሸጉጦ።

«ባቡር» አለኝ።
«ባቡሩማ ከኋላዎ ቆሟል፤ አሁን ከሱ ወረዱ።»
«ባቡር! ባቡር!» አለ፣ ግንባሩ ላይ ተዘረጋ ሐዲዱ።
በመጨረሻ የቪትዟን ጣራ በመዳፉ መታ፦ «ባቡር!»
ለካስ በሱ አፍ መኪና ነው ባቡር።
እናቴም፣ የመንዟ፣ ወፍጮውን ነበር የምትለው ባቡር፤
እህል አዝላ «ባቡር ቤት ደርሼ ልምጣ» ስትል
ልጅ ሆኜ ጤፉ የሚሳፈር ይመስለኝ ነበር።
ቃልም እንደ ሰው ነው፤ ቤት ተከራይቶ ያድራል።

ፎቶ አሳየኝ፦ አባቱ፣ አቃቂ ጣቢያ፣ ባንዲራ ጠቅልሎ በእጁ፣
ፋኖስ ከእግሩ ሥር፣ ዘጠኝ ፉርጎ ተቀጣጥሎ ከደጁ።

ቀለበት መንገዱን ያዝን። ሃና ማርያም፣ ሳሪስ አቦ።
ቃሊቲ ነዳጅ የቀዳችልን፣ የጅጅጋዋ ልጅ ሂቦ፣
ሁለት ዓረፍተ ነገር አዋሰችን፣ ያለ ወለድ።
«ሮብሌ ማለት ዝናብ ያለው ነው» አለች፤ ይህን ስትል
መጣ ዝናቡ፣ ያውም ከነበረዶው፣ ስሙን እንደሰማ ሰው።
መጥረጊያዋ አንዱ ብቻ ነው የሚሠራው፣ የሱ ወገን፤
እሱ ያያል፣ እኔ እገምታለሁ፣
እንዲህ ሆነን ነዳን።

ከቃሊቲ ወዲያ ጠፋብኝ። ሃያ ዓመት የነዳሁበት!
የጤፍ ማሳ የነበረው ብሎኬት ወጥቶበት፣
መታጠፊያው የለም፣ ዙሪያው ታጥሮ በቆርቆሮ፤
ባጃጅ አስቁሜ ብጠይቅ፣ ልጁ የመጣው ዘንድሮ።
ተሳፋሪዬ ሳቀ። ገባው፦
በአንዲት የኪራይ መኪና ሁለት እንግዳ።

የጣቢያው ግድግዳ ቆሟል። ሐዲዱ ግን ተበትኖ፣
ገሚሱ የበር መቃን፣ ገሚሱ የጎመን አጥር ሆኖ፣
ወይዘሮ እታገኝ ልብስ ከምታሰጣበት ገመድ ሥር
አራት ክንድ ያህል ቀርቷል፣ ጎን ለጎን፣ ከነሣሩ።
«ምድር ባቡር ነው የላከው?» አለችኝ፣ እጇ በአረፋ እንደተነከረ፣
«አጥሬን ከነቀለ እጮሃለሁ፤ ንገረው።»

እሱ ጎንበስ አለ፤ ከዘራውን ከዚህኛው ብረት
ወደዚያኛው አጋደመ።
ልክክ። አንድ ሜትር።
አባቱ በልክ ያስቆረጠው ነው፤ ይህስ ያለ ሂቦም ገባኝ።
ወይዘሮ እታገኝ ዝም አለች።
የተሰጣ አንሶላዋን ብቻ ወደ ዳር ሰበሰበች፣
ብርሃኑን እንዳይጋርደው።

ሲመሽ ለቡ፣ ከአንድ ፔንሲዮን በር ላይ አወረድኩት።
የመኪናዋን ጣራ ነካ፣ ወደ ጣቢያው መብራት አየ፣
አንድ ነገር ሊል ነበር፤ ሳይለው ተለየ።

በማግስቱ ሳጥባት፣ የኋላ በሯ ላይ ጭረት፣
በከዘራ ጫፍ የተሠመረ፣ ቀጥ ያለ፣ ረጅም።
ባለቤቷ ከዱባይ ደወለች፤ «ደህና ናት?» «ደህና ናት።»
ቀለም ቀቢው ሦስት ሺህ ብር አለኝ።
ነገ እላለሁ።